አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ሐይቆች፦ ተማሪዎችን ወደ አብያታ ሻላ ፓርክ ለመውሰድ የአሠራር መመሪያ

ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን አውቶቡስ ላይ ጭነው ፓርክ ያስጎበኛሉ። ከሳምንት በኋላ ልጆቹ «ምን ተማራችሁ?» ሲባሉ ግን «ሰጎን አየን፣ ፍል ውኃ አየን» ከማለት ያለፈ መልስ እምብዛም አይሰማም። ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ልጅ መልስ ይዞ አይመለስም። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከአውቶቡስ ኪራዩ በፊት ጥያቄ በመምረጥ ነው።

ለምሳሌነት የያዝነው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን ነው። መመሪያው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ 40 ተማሪዎች ለአንድ ቀን ጉዞ የተዘጋጀ ሲሆን ከባቱ፣ ከቡልቡላ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከሻሸመኔና ከሐዋሳ ለሚነሱ ይመቻል። ፓርኩ ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ መሞከር አይመከርም፤ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ወፎች በደንብ የሚታዩበት ሰዓትም ያመልጣል። ከዚያ የሚመጣ ትምህርት ቤት ዋዜማውን ባቱ ወይም አርሲ ነገሌ ይደር።

ጥያቄው

በዚህ ፓርክ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ለተማሪ የሚሻለው ይህ ነው፦ ጎን ለጎን ከተኙት ሁለት ሐይቆች አብያታ ለምን እየሸሸ ይሄዳል? ሻላስ ለምን ያን ያህል አይጎድልም?

አስተማሪው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። ሻላ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል። አብያታ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ እንኳ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም ነበር። ሁለቱም መውጫ ወንዝ የላቸውም፤ የገባው ውኃ በትነት ይሄዳል። አብያታ የሚኖረው ከዝዋይ ሐይቅ በሚመጣው የቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ ሐይቅ በሚመጣው የሆራ ቀሎ ወንዝ ነው። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ ብዙ ውኃ ሲሳብ ወደ አብያታ የሚደርሰው ይቀንሳል። ሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ የሚውል የሶዳ ዱቄት) ለማምረት ከራሱ ከአብያታ የተቀዳ ውኃም አለ።

ወፎቹ ታሪኩን ያሟሉታል። ነጭ ፔሊካኖች አዳኝ እንስሳ በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ግን ዓሣ አይበዛበትምና ለመመገብ ወደ አብያታ ይበሩ ነበር። አብያታ እየጎደለ ጨውና ሶዳው ሲበረታ ዓሣው ተመናመነ፣ ፔሊካኖቹም የቅርብ መመገቢያቸውን አጡ። ትንሹ ፍላሚንጎ በበኩሉ ሶዳ በበዛበት ውኃ የሚራባውን ስፒሩሊና የሚባል ደቂቅ ተክል መሰል ሕይወት አጥልሎ ስለሚበላ በዚያው ውኃ ይኖራል። አንድ ወፍ የሚሸሽበትን ለውጥ ሌላው ሊችለው እንደሚችል ልጆቹ በዓይናቸው ሲያዩ «አካባቢ ተበላሸ» የሚለው ደረቅ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ያገኛል።

ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አራት ነገሮች

ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አራት የክፍል ጊዜ ይበቃል። ይህ ከተዘለለ ጉዞው ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው የትነት ሙከራ ነው። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የልብስ ማጠቢያ ሳፋና አናቱ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር የውኃ ጠርሙስ ፀሐይ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሁለቱም ውስጥ እኩል 1 ሊትር ተኩል ውኃ አድርጉ። ሳፋው ውስጥ ውኃው ከአንድ ጣት ስፋት አይበልጥም፣ ጠርሙሱ ውስጥ ግን ወደ ስንዝር ይጠጋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጥልቀቱን በማስመሪያ ለክታችሁ መዝግቡ። ሳፋው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል፤ የጠርሙሱ ውኃ ዝቅ ቢልም አብዛኛው ይተርፋል። የአብያታና የሻላ ልዩነት ዋናው ሚስጥር ይህ ነው። ሙከራውን የሚያበላሹት ፍየል፣ ወፍና ዝናብ ናቸው፤ ዕቃዎቹን በወንፊት ሽቦ ክደኑ፣ ዝናብ ከጣለ ከመጀመሪያው ጀምሩ። አንድ ነገር ግን ለተማሪዎቹ በግልጽ ይነገር፦ ሳፋው ወንዝ አይገባበትም፣ አብያታ ግን ይገባበታል። ስለዚህ ሙከራው የመልሱን ግማሽ ብቻ ያሳያል፤ ሌላውን ግማሽ ቡልቡላ ድልድይ ላይ ያገኙታል።

ሁለተኛው የመቁጠር ልምምድ ነው። አንድ እፍኝ ምስር ነጭ ወረቀት ላይ በትኑና ለ5 ሰከንድ ብቻ አሳይታችሁ ሸፍኑት። እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ይጻፍ፤ ከዚያ በእርግጥ ይቆጠር። አብዛኛው ልጅ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይጽፋል። አሁን ዘዴውን አስተምሩ፦ 10 ፍሬ ቁጠሩ፣ ያ 10 የያዘውን ቦታ በዓይናችሁ ለኩ፣ ያን የሚያክል ቦታ ስንት ጊዜ እንዳለ ቁጠሩና በ10 አባዙ። ፍሬው ከ200 ሲበልጥ 50 በ50 ይሁን። በአምስት ዙር ልምምድ ግምቱ በግልጽ ይሻሻላል። ፍላሚንጎ የሚቆጠረውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሦስተኛው የባይኖኩላር አያያዝ ነው። ለአምስት ተማሪ አንድ ካለ በቂ ነው። የሚመረጠው 8 እጥፍ የሚያጎላው ነው፤ ከ10 እጥፍ በላይ ከሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን ያውከዋል። መጀመሪያ የቀኙን መስታወት ሸፍነው በመካከለኛው ጎማ ለግራ ዓይን ያጥሩ፣ ከዚያ ግራውን ሸፍነው በቀኙ ዓይን ላይ ባለው ቀለበት ያስተካክሉ። በ30 ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ማንበብ ጥሩ ልምምድ ነው። ወደ ፀሐይ ማየት ዓይን ያጠፋልና ክልክል መሆኑ ደጋግሞ ይነገር።

አራተኛው የውኃ መፈተኛ ቀለም ማዘጋጀት ነው። የፒኤች ወረቀት (ውኃ አሲዳማ ወይም ሶዳማ መሆኑን በቀለም የሚያሳይ) ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ቀይ ጥቅል ጎመን ይሠራል። የአንድ ትንሽ ጎመን ግማሽ ከትፋችሁ በ1 ሊትር ውኃ ለ15 ደቂቃ ቀቅሉና አጥልሉት። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቀይ ሮዝ፣ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የአመድ ውኃ ሲደረግበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። የእያንዳንዱን ቀለም በእርሳስ ቀለም ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ ሜዳ ላይ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ቀለሙ ከሁለት ቀን በላይ ሲቆይ ይበላሻል፤ ከጉዞው ዋዜማ በፊት አታዘጋጁት።

ደብዳቤ፣ ቀን፣ ገንዘብ

ጥሩዎቹ ወራት ኅዳር፣ ታኅሣሥና የካቲት ናቸው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ከአውሮፓ ፈልሰው የመጡት ወፎችም ገና ወደዚያ አልተመለሱም። ጥርም ለወፍ ጥሩ ነው፤ ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በዚያ ወቅት ነው። የአጋማሽ ፈተና ግን ይጋጫል። ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይመረጥ፤ ቅዳሜና እሑድ ፍል ውኃው ዘንድ ሰው ይበዛል።

ከትምህርት ቤቱ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይድረስ። በውስጡ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተማሪዎችና የመምህራን ብዛት፣ የክፍል ደረጃ፣ የመኪናው ዓይነት፣ ጉዞው የያዘው ጥያቄና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂና መሪ) እንዲመደብ የሚል ልመና ይኑር። ጥያቄው በደብዳቤው ላይ ሲጻፍ የፓርኩ ባለሙያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ «ለጉብኝት» ብቻ ከተባለ የሚሰጠው የተለመደው ማብራሪያ ነው። ግልባጩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሁን። ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ስልክ ደውላችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ አረጋግጡ።

ሁለት መምህራን አስቀድመው ቦታውን ይዩ። ይህን በስልክ መተካት አይቻልም። የሚታዩት ነገሮች፦ ትልቅ አውቶቡስ የት ድረስ እንደሚገባ፣ መጸዳጃ የት እንዳለ፣ የስልክ መረብ የት እንደሚጠፋ፣ 46 ሰው የሚያስጠልል የግራር ጥላ የት እንደሚገኝ፣ በዚያ ሰሞን ወፎቹ የትኛው ዳርቻ ላይ እንዳሉ። የአብያታ ውኃ ስለሚንቀሳቀስ ባለፈው ዓመት ጥሩ የነበረው የመመልከቻ ቦታ ዘንድሮ ከውኃው በጣም ሊርቅ ይችላል።

40 ተማሪ፣ ለየ8ቱ አንድ ኃላፊ መምህር፣ በተጨማሪም ቡድን ያልያዘ አንድ ሰው፤ በድምሩ 46። ባለ 45 ወንበር አውቶቡስ ስለማይበቃ ይህ ቁጥር ከኪራይ ውል በፊት ይቆጠር። ቡድን ያልያዘው መምህር ሥራው ድንገተኛ ነገር ነው፦ የታመመ ልጅ ቢኖር እሱ ይሄዳል፣ የማንም ቡድን ያለ መሪ አይቀርም።

በጀቱ የመኪና ኪራይ፣ የመግቢያ፣ የስካውት፣ የምሳ፣ የውኃና ከጠቅላላው 10 በመቶ መጠባበቂያ ይይዛል። መክፈል የማይችሉ ተማሪዎች ጉዳይ ጉዞው ከመታወጁ በፊት ይፈታ። ክፍያው ታውጆ ስም ዝርዝር ከተለጠፈ በኋላ «ያልከፈለ» ተብሎ የተጠራ ልጅ እጁን አያወጣም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ወላጅ ኮሚቴው ወይም የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ክፍተቱን አስቀድሞ ከሸፈነ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ማንም ሳያውቅ ሁሉም ይሄዳል።

የወላጅ ፈቃድ ቅጹ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ አለርጂና የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን ይጠይቅ፤ የሚገኙበት ስልክም ይኑርበት። ቅጾቹ አውቶቡሱ ላይ ይሁኑ፤ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ የተቆለፈባቸው ቅጾች ሜዳ ላይ አይረዱም።

የሚያዝ ዕቃ

ለአንድ ሰው 2 ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ ማለትም ለሁሉም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ይህ ለእጅና ለዓይን መታጠቢያም ትንሽ ያተርፋል። ኮፍያ ወይም ነጠላ፣ ጣት የሚሸፍን ጫማ፣ ለየቡድኑ አንድ የመመዝገቢያ ሰሌዳና ሁለት እርሳስ (እስክሪብቶ በላብና በአቧራ ይቆማል)። ሦስት ባለ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ጠርሙሶች ለውኃ ናሙና፣ በላያቸው ስም ተጽፎ። 10 ሜትር ገመድ። ምሳ ዳቦ፣ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ወጥ ያለበት ምሳ ይደፋል፣ ቀትር ላይም ሊበላሽ ይችላል። ፌስታል አይያዝ። ሁለት ባዶ ጆንያ ለቆሻሻ ይበቃል።

የጉዞው ቀን

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ከሰሜን የምትመጡ ከሆነ ቡልቡላ ከተማ ድልድዩ አጠገብ ለ10 ደቂቃ ቁሙ፤ መምህሩ የወንዙን ውኃ በመጀመሪያው ጠርሙስ ይቅዳ፣ ልጆቹም ወንዙ ምን ያህል እንደሚፈስና ዳርና ዳሩ ላይ የመስኖ ፓምፕና የእርሻ ማሳ መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ። ከደቡብ የሚመጡት ጊዜ ካላቸው ወደዚያው ዘልቀው ይመለሱ፤ የጥያቄው ግማሽ መልስ ያለው እዚህ ነውና መዝለሉ ያስቆጫል።

2 ሰዓት ላይ ፓርኩ በር ድረሱ። ስካውቱ ተማሪዎቹን ሲቀበል የመጀመሪያውን ቃል እሱ ይናገር። በአካባቢው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የሚችሉ ተማሪዎች ካሉ ለሌሎቹ ያስተርጉሙ፣ የወፎቹንና የዛፎቹን ስም በሁለቱም ቋንቋ ይመዝግቡ። በጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለው የታጠረ ቦታ ሰጎንና የሜዳ ፍየል በእግር እየሄዱ ማየት ይቻላል። እዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሰጎን ክንፏን ዘርግታ ከቆመች ወደ ኋላ ማፈግፈግ እንጂ ፎቶ ለማንሳት መጠጋት የለም፤ ርግጫዋ ሰው ይጎዳል።

ከዚያ ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ጊዜ ወደሚታዩበት ከፍታ ሂዱ። እዚህ ማንም አያስረዳ። 10 ደቂቃ ዝም ብለው የሚያዩትን ይሳሉ፦ የሁለቱን ውኃ ቀለም፣ የዳርቻቸውን ቁልቁለት፣ በአብያታ ዙሪያ ያለውን ነጭ ሜዳ። ይህ ነጭ ሜዳ ቀድሞ የሐይቁ ወለል ነበር። ልጆቹ ስዕላቸው ላይ አስፍረውት መጀመሪያ ራሳቸው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ አስተማሪው አንድ ሰዓት ሙሉ ቢናገር ከሚያገኘው በላይ ይገኛል።

ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል የአብያታ ዳርቻ ሰዓት ነው። የቀኑ ዋና ሥራ ይህ ስለሆነ ከሌላው ቦታ ቢቀነስም ከዚህ አይቀነስ። አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም፦ ነጩ ቅርፊት ደረቅ መስሎ ይታያል፣ ከሥሩ ግን የሚያሰምጥ ጭቃ ሊኖር ይችላል። መኪናም ሰውም ይይዛል። አውቶቡሱ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ ስካውቱ በዱላ እየነካ ይቅደም፣ ተማሪዎቹ በአንድ ረድፍ የሱን ዱካ ይከተሉ፣ ዱላው መስረግ ሲጀምር ጉዞው እዚያው ይቁም። «ትንሽ ብቻ እንጠጋ» የሚል መምህር አይኑር።

የ8ቱ ሰው ሥራ እንዲህ ይከፈላል፦ ሦስት ቆጣሪ፣ አንድ መዝጋቢ፣ አንድ ሰዓት ያዥ፣ ሁለት የወፎቹን ሥራ ተመልካች (ይበላሉ? ይተኛሉ? ይበራሉ?)፣ አንድ ሠዓሊ። ሦስቱ ቆጣሪዎች አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ይቆጥሩና መካከለኛው ቁጥር ይወሰዳል። 100፣ 140 እና 300 ከመጣ የሚጻፈው 140 ነው። አማካይ ከተወሰደ የአንዱ ስሕተት ሁሉን ይጎትተዋል። ከ5 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገብና በባይኖኩላር የሚታየው ሁሉ ይዋዥቃል፤ ለዚህ ነው ቆጠራው ጠዋት የሆነው።

ከወፎቹ ቢያንስ 200 ሜትር ራቁ። መንጋው አንድ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ መራመድ ከጀመረ ቀድሞውንም በጣም ቀርባችኋል፤ ተቀመጡ። ለማስበረር ማጨብጨብ ወይም ድንጋይ መወርወር ፈጽሞ አይፈቀድ። ፍላሚንጎ ለመነሳት በውኃው ላይ ሮጦ ብዙ ጉልበት ያወጣል፣ የመመገቢያ ጊዜውንም ያጣል።

ከመነሳታችሁ በፊት ለስላሳው ጭቃ የጀመረበትን ቦታ በስልክ ጂፒኤስ መዝግቡ። ስካውቱ ሥራ ሲጀምር ውኃው የት እንደነበረ ጠይቁት፣ ወደዚያ ያለውንም ርቀት በእርምጃ ለኩ። የውኃ ናሙናውን መምህሩ ወይም ስካውቱ ብቻ ይቅዳ፤ ጠርሙሱን ከገመድ ጫፍ አስሮ መወርወር ጭቃ ውስጥ ከመግባት ያድናል።

ወደ ሻላ ስትወርዱ ፍል ውኃው የተማሪዎቹን ልብ ይስባል፣ አደጋውም እዚያ ነው። ከሚፈላው ጉድጓድ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ዙሪያው ያለው ቅርፊት ስስ ሊሆንና ሊሰበር ይችላል። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ከሥር ያለው ሙቀትና የሻላ አፈጣጠር እንዴት እንደሚገናኙ ተነጋግራችሁ ውጡ። የሻላ ናሙና ከሐይቁ ይቀዳ፤ ከፍል ውኃው ከተቀዳ ውጤቱ ትርጉም ያጣል።

ምሳ 6 ሰዓት ላይ በጥላ ሥር። ከምሳ በኋላ ሦስቱ ናሙናዎች ይፈተሻሉ፦ ከእያንዳንዱ ግማሽ ብርጭቆ ላይ አንድ ማንኪያ የጎመን ቀለም። አብያታም ሻላም ወደ አረንጓዴ ይሄዳሉ፣ የወንዙ ውኃ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ለውጥ ያሳያል። ተማሪዎች የሁለቱ ሐይቆች ቀለም እንዲለያይ ስለሚጠብቁ «ሙከራው አልሠራም» ይላሉ። ሠርቷል። ሁለቱም ሶዳማ ናቸው፤ የሚለያቸው የጥልቀታቸውና ወደ እነሱ የሚገባው ውኃ ነገር ነው። የሳፋውና የጠርሙሱ ሙከራ የሚታወሰው እዚህ ላይ ነው። 8 ሰዓት ላይ ከፓርኩ ውጡ።

በፓርኩ ውስጥ ከብት የሚያግዱ፣ ከሰል የሚያከስሉ፣ አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች ታያላችሁ። ተማሪዎች ጣት እየጠቆሙ «ፓርኩን ያጠፉት እነዚህ ናቸው» እንዲሉ መፍቀድ ትምህርቱን ያበላሸዋል፣ ሰዎቹንም ያዋርዳል። እነዚህ ቤተሰቦች የሚኖሩት በዚያው መሬት ነው። የቡልቡላ ውኃ ወደ ማሳ፣ ከሰሉም ወደ ከተማ ወጥ ቤት እንደሚሄድ ልጆቹ ራሳቸው ያሰላስሉ። ያለ ፈቃድ የሰው ፎቶ አይነሳ።

ሲታመሙ

ሙቀት ያደከመውን ልጅ ወደ ጥላ አግቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ የጎደለ ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) በየጥቂቱ ስጡት። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሳይቆለል የተለካ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሐኪም ይወሰድ። የሶዳ አቧራ ዓይን ውስጥ ከገባ አይታሽ፤ በጀሪካኑ ውኃ ለረጅም ጊዜ ይታጠብ። በፍል ውኃ ለተቃጠለ ቆዳ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። እባብ የነደፈው ልጅ አይራመድ፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ ሳይንቀሳቀስ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፣ ቦታው አይታሰር፣ አይበጣ።

ከተመለሱ በኋላ

በሁለት ቀን ውስጥ አንድ የክፍል ጊዜ ይያዝ፤ ሳምንት ካለፈ ዝርዝሩ ይጠፋል። የየቡድኑ ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ልዩነታቸው ከሰፋ ለምን እንደሰፋ ይወያዩ፤ ይህ ራሱ የሳይንስ ትምህርት ነው። ከየናሙናው 100 ሚሊ ሊትር በሰፊ ሳህን ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ውኃው ሲተን የሐይቆቹ ሳህኖች ላይ ነጭ ቅርፊት ይቀራል፣ የወንዙ ላይ ከስስ እድፍ በቀር ምንም አይታይም። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ለመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ገጽ መልሱን ይጻፍ፤ ቢያንስ አንድ ራሱ የለካውን ቁጥር ማስገባት ግዴታው ይሁን። ነጥብ የሚያዘው በዚህ ነው።

የቆጠራው ቅጽ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ የወፉን ዓይነት፣ የሦስቱን ቆጣሪዎች ቁጥርና የነፋሱንና የደመናውን ሁኔታ ይይዛል። አንዱ ቅጂ ከምስጋና ደብዳቤ ጋር ለፓርኩ ይላክ፣ ሌላው በቤተ መጻሕፍቱ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። ሐይቁ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል በሚቀጥለው ዓመት ጉዞው በዚያው ወር፣ ቆጠራውም በዚያው ሰዓትና ከዚያው ነጥብ ይሁን፤ አለበለዚያ የሁለቱን ዓመት ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም። መዝገቡ ከባዮሎጂ መምህሩ መሳቢያ ይልቅ በቤተ መጻሕፍቱ የሚቀመጠው መምህራን ስለሚዛወሩ ነው።